ብርቱካንማው ፓፍ

ሰርክአዲስ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላት ድረስ ሮጣ አታውቅም። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ሮጦ አያውቅም ሲባል የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ልጅቱ አስም ነበረባት። ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ የክፍል ጓደኞቿ ሹራባቸውን እያወለቁ ጭኗ ላይ ይከምሩላትና ሜዳውን ይዞራሉ። እሷ አጥር ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የሰው ሹራብ ትጠብቃለች። "ሰርኬ ቁም ሳጥን" የሚል ስም ወጥቶላት ነበር። ብርድ ሲመጣ ደረቷ ያፏጫል። አቧራ ሲነሳ ያፏጫል። ሳቅ ሲበዛባት እንኳ ያፏጫል፤ ስለዚህ መሳቅም ቀነሰች። ሲብስባት እናቷ ጤና ጣቢያ ይወስዷታል፣ መርፌ ትወጋለች፣ ሻል ይላታል፣ እስከሚቀጥለው ድረስ በቃ። በየቀኑ ቢጠነቀቁለት የሚገራ በሽታ መሆኑን አንድም ሰው አልነገራቸውም።

በሁለት ሺህ አምስት ወደ ሳውዲ ልትሄድ ስትነሳ፣ ያኔ የዓረብ አገር ጉዞ ገና አልታገደም፣ ሸዋንግዛው የሚባለው ደላላ ከጤና ምርመራው በፊት ቁጭ አድርጎ መከራት። ምክር ከተባለ።

"ሐኪሙ ምንም ቢጠይቅሽ መልስሽ አንድ ነው፤ 'የለብኝም'። ራጁ አስምን አያሳይም፣ እሱን ለኔ ተይው። እዚያ ስትደርሺ ደግሞ ዓረብ ፊት እንዳትስይ። እነሱ ዘንድ የታመመች ሠራተኛ ማለት የተሰበረ ዕቃ ናት፤ ይመልሱሻል። ተመልሰሽ መጥተሽ እኔን እንዳታስቸግሪኝ፣ እሺ?"

"እሺ" አለች። ምን ትበል? ከበታቿ እጇን የሚያዩ ታናናሾች አሉ። እምቢ ማለት ምቾት ላለው ሰው ነው።

ደማም፣ አል ነኺል ሰፈር፣ ማዳም ሙና የምትባል አስተማሪ ቤት ገባች። ሙና ክፉ የምትባል ሴት አይደለችም፤ አትማታም፣ ምግብ አትቆልፍም። "ሰርክአዲስ" የሚለው ስም ግን አፏ አልገባ ስላላት በመጀመሪያው ቀን "ሳራ" ብላ ተገላገለች። ቤቱ ትልቅ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም በክሎሮክስ፣ በበረኪና ማለት ነው፣ ይፈተጋል። የክሎሮክሱ ሽታ ሽቅብ ሲመጣ ደረቷን ጠፍንጎ ይይዛታል። ሳሉ ሊፈነቅላት ሲደርስ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ዘው ትልና ማሽኑን ታስነሳለች፤ ማሽኑ ሲያጓራ እሷ ትስላለች። ባዶ ማሽን ስንት ጊዜ እንደዞረ እግዜር ይወቀው።

አንድ ቀን ማዳም ሙና ድንገት በሩ ላይ ደረሰችና "ሳራ፣ ታመምሽ እንዴ?" አለቻት። በቅን ልብ ነበር የጠየቀችው። ሰርክአዲስ ምራቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ማፊ፣ ማዳም። ማፊ ሙሽኪላ" አለች። ምንም የለም፣ ችግር የለም። የሸዋንግዛው ተማሪ!

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

የማዳም ሙና የመጨረሻ ልጅ ሪም ትባላለች፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እሷም አስም አለባት። በአንድ ቤት ሁለት ደረት ያፏጫል፤ የአንዱን ፉጨት ቤተሰቡ በሙሉ ጆሮውን ቀስሮ ያዳምጠዋል፣ የሌላውን የልብስ ማጠቢያው ማሽን ብቻ ይሰማዋል።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ ጥቅምት ላይ፣ ሪምን ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሰርክአዲስ ቦርሳ ተሸክማ ተከተለች። ሐኪሟ ሱዳናዊት ነበረች፣ ረጋ ብላ የምታስረዳ ሴት። "አስም ያለበት ሰው ስፖርት አይሠራም ያለው ማነው?" አለች። "መሥራት ነው ያለበት፤ ግን በሥርዓቱ።" ሁለት ፓፍ፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ማለት ነው፣ ጠረጴዛው ላይ አቆመች። ሰማያዊው ሲያፍን ነው፤ ከሩጫ ትንሽ ቀደም ብሎም ይሳባል። ዋናው ብርቱካንማው ነው፤ አመመኝ አላመመኝ ሳይባል ጠዋትና ማታ ይሳባል፣ ከዚያ አፍ ይጉመጠመጣል። ሰማያዊው እሳቱን ያጠፋል፣ ብርቱካንማው እሳቱ እንዳይነሳ ይጠብቃል፣ አለች። ከዚያ በየቀኑ ከቤት መውጣት፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ሰውነት ሲሟሟቅ ሶምሶማ፣ በአፍንጫ እየተነፈሱ። ደረት ሲጨመደድ ማቆም። አቧራ ባለበት ቀን አለመውጣት።

ሪም ስልኳን ትጎረጉራለች። ሰርክአዲስ ግን ቦርሳውን እንዳቀፈች አንዲት ቃል ሳታመልጣት ሰማች። ስለ ደረቷ በሥርዓት ያስረዳት የመጀመሪያዋ ሰው ይቺ ሴት ናት፤ ያውም ለሌላ ሰው ስታስረዳ።

ሲመለሱ መኪና ውስጥ ማዳም ሙና ተጨነቀች። "ከማን ጋር ነው የምትሮጠው? እኔ ጉልበቴ አይችልም" አለችና ድንገት ዞር ብላ ጮኸች። "ሳራ! ሐበሻ አይደለሽ እንዴ? ሐበሾች እኮ በሩጫ ዓለምን ያሸንፋሉ፣ በቴሌቪዥን አይቻለሁ!"

ሾፌሩ ኑርዲን የከሚሴ ሰው ነው፣ ጎልማሳ፤ የሰርክአዲስን ሳል ከማሽኑ ቀጥሎ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። በመስታወቱ አየት አደረጋትና ከንፈሩን ነከሰ። ሰርክአዲስ "እሺ፣ ማዳም" አለች። ሹራብ ጠባቂዋ አሯሯጭ ሆና ተሾመች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ማምሻው፣ ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ኑርዲን ሁለቱን የደማም ኮርኒሽ፣ የባሕር ዳሩ መናፈሻ መንገድ፣ ያወርዳቸዋል። ሪም የስፖርት ዓባያ ተገዝቶላታል፤ ሰርክአዲስ የቤት ዓባያዋን ለብሳ የማዳምን አሮጌ ስኒከር ትጫማለች፣ ትንሽ ይሰፋታል። በመጀመሪያው ሳምንት ነፍሷ ልትወጣ ነበር። ሪም ገና ሳይደክማት እሷ "የጫማዬ ክር ተፈታ" እያለች ጎንበስ ትላለች። በዚያ ሳምንት የጫማ ክር የተፈታውን ያህል በሕይወቷ ተፈትቶባት አያውቅም። ኑርዲን መኪናው ውስጥ ሆኖ ያያታል።

ብርቱካንማውን ጠዋትና ማታ ማስወሰድ የሰርክአዲስ ሥራ ሆነ። ሪም ደግሞ ብርቱካንማውን እንደ ኮሶ ጠላችው። አንደኛ ይመራል። ሁለተኛ ጓደኞቿ ኮርቲዞን አለበት፣ ያወፍራል ብለዋታል። በአሥራ አራት ዓመት ከመታፈንና ከመወፈር የትኛው እንደሚያስፈራ ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል። አንድ ማታ ፓፉን ሰርክአዲስ እጅ ላይ አስቀመጠችና፣ "አንቺ ውሰጂው፣ ሳራ። ማማ ቁጥሩን ነው የምታየው" አለች። ፓፉ ጀርባ ላይ በተሳበ ቁጥር የሚቀንስ ትንሽ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ከቀነሰ ማዳም ሙና ተኝታ ታድራለች።

ሰርክአዲስ እምቢ ማለት ነበረባት። እምቢ አላለችም። ኮርኒሹ ላይ የጫማ ክር ስትፈታ የዋለች ሴት፣ ደረቷ እንደ አሮጌ ወናፍ እየተነፈሰ፣ እጇ ላይ መድኃኒት ተቀምጦላት ምን ታድርግ? በረጅሙ አስወጣች፣ ሳበች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ሐኪሟ እንዳለችው። አፏን ተጉመጠመጠች። ምሬቱ ምላሷ ላይ ቀረ። ሪም ሳቀችና፣ "አየሽ፣ እኔ አልወፈርኩም፣ አንቺም አልታፈንሽም" አለች።

በማግስቱ ደገሙት። ከዚያ ልማድ ሆነ።

ታኅሣሥ ላይ ሰርክአዲስ ሮጠች። ባሕሩ ጸጥ ብሎ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ፣ እንደ ሁልጊዜው በእርምጃ ጀምራ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ደረቷ የት ላይ እንደሚይዛት እየጠበቀች ሳይይዛት ቀረ። ጠበቀችው፤ አልመጣም። ዓባያዋን ሰብስባ ይዛ ጨመረችበት። የሕፃናት መጫወቻውን አለፈች፣ ሻይ ሻጩን አለፈች፣ ሪም ከኋላ "ሳራ! ሳራ!" እያለች ትጮኻለች። ቆማ ስትዞር ሳቋ መጣ፤ ሳቀች፣ አላፏጨም። እሰይ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላው ሰው ሁሉ ይሄንን እየተነፈሰ ነው የኖረው? ቀናችባቸው፤ እዚያው ቆማ የክፍል ጓደኞቿን በሙሉ አንድ በአንድ ቀናችባቸው። ከዚያ አለቀሰች።

"ኧረ ደብረ ብርሃን እንዲህ ታስሮጣለች ለካ!" አለ ኑርዲን ወደ መኪናው ስትመለስ። "ማሻአላህ! አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ፖሊስ ያባረረሽ ነው የመሰለኝ።"

ያቺ የኮርኒሽ ሰዓት የሰርክአዲስ ሕይወት ሆነች። በቀረው ሰዓት ሁሉ ሳራ ናት፣ ጥረጊ ናት፣ አምጪ ናት፤ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ያቺን ሰዓት ግን ሰማይ አለ፣ ባሕር አለ፣ ደረት አለ። ጠዋት ስትነሳ የምታስባት እሷን ነው። ክሎሮክሱንም የምትችለው እሷን እያሰበች ነው። ማንም መጥቶ ቢወስድባት የምትሞት ይመስላት ነበር።

ኑርዲን የመድኃኒቱን ነገር ሲሰማ ግን ፊቱ ጠቆረ። ሪም አይስክሬም ልትገዛ ወርዳ ነበር።

"ሰርኬ፣ ይሄ የሰው መድኃኒት ነው።"

"እሷ አይደለች የሰጠችኝ፣ ጋሽ ኑርዲን? ለምኛት መሰለህ?"

"የልጅቱ ደረትስ?"

"ደህና ናት። ስትስቅ አታያትም?"

"ወላሂ እኔ ከፋርማሲ ልግዛልሽ። የራስሽን ያዢ።"

"ማዳም ክፍሌን ትፈትሻለች። ትራስ ስር የአስም መድኃኒት ብታገኝ ምን ልበላት? የሪምን ስይዝ ሥራዬ ነው፣ ማንም አይጠይቀኝም።"

ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። እዚህ ላይ ሰርክአዲስን የሚያዝንላት ይዘንላት፣ የሚያሞግሳት ግን ይቅርበት። መድኃኒቱ የማን እንደሆነ ታውቃለች። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሮጠች።

የካቲት ላይ የሪም ሳቅ ማፏጨት ጀመረ። ሌላ ሰው ባይሰማው እሷ እንዴት አትሰማው? ከዚያ ፉጨት ጋር ነው ያደገችው። ማታ ላይ ሪም ሁለት ትራስ ደርባ ስትተኛ አየች፤ ለምን ሁለት ትራስ እንደሚያስፈልግ ታውቃለች። ብርቱካንማውን አምጥታ፣ "ሪም፣ የኔ ቆንጆ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ውሰጂው" አለቻት።

"አልፈልግም።"

"ደረትሽ ደህና አይደለም። በእናትሽ!"

"ኸላስ፣ ሳራ! በቃ!" አለች ሪም። ከዚያ ረጋ ብላ፣ ስልኳን እያየች፣ "ካስጨነቅሽኝ መድኃኒቴን እንደምትሰርቂኝ ለማማ እነግራታለሁ" አለች።

አይ ልጅ! ሰርክአዲስ ቆሽቷ አረረ። የሰጠችኝ እሷ፣ የሰረቅኩት እኔ? ብትናገር ማን ያምናታል? ፓፉን ይዛ ቆመች። ቁጥሩ መቀነስ አለበት። እያነቃት ሳበችው። በማግስቱም ሳበችው። ለሪም ሰማያዊውን ደጋግማ እየሰጠቻት፣ በልቧ ቅድስት አርሴማን እየለመነች፣ "ትንሽ ቀን፣ ራሷ ትፈራና ትወስደዋለች" እያለች ቆየች።

መጋቢት አልቆ ሚያዝያ ሲገባ በደማም አቧራው መጣ። በዚያ ሰሞን የሳውዲ መንግሥት ወረቀት የሌለው ሰው ሁሉ ያለ ቅጣት ይውጣ ብሎ አውጆ፣ ቱቅባ ሰፈር በአንድ ክፍል ተደራርበው የሚኖሩት የኛ ልጆች ሻንጣ መሸከፍ ጀምረው ነበር። ኑርዲን በየቀኑ የሚሄድ ሰው ወሬ ያመጣል። ያን ቀን ከሰዓት ሰማዩ ወደ ቢጫ አድልቷል። "ዛሬ ባንወጣስ?" አለ ኑርዲን። "ሐኪሟ በአቧራ ቀን አትውጡ አላለችም?" ሪም "ገና አልተነሳም" አለች። ሰርክአዲስ ሰማዩን አየች። ሐኪሟ ያለችውን ከማንም በላይ የምታስታውስ እሷ ናት። ያቺ ሰዓት ግን አሳሳቻትና፣ "ቶሎ እንመለሳለን" አለች።

ወይ ነዶ! ኮርኒሹ ግማሽ ላይ ሳይደርሱ ነፋሱ ዘጋባቸው። ባሕሩ ጠፋ። ሪም ቆመች፤ ጉልበቷን ይዛ አጎነበሰች፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ድምፅ የለም። ፉጨት ሲጠፋ ከፉጨት እንደሚብስ ሰርክአዲስ ታውቃለች። የልጅቱን ፊት በሻርፗ ሸፈነች፣ ሰማያዊውን አፏ ውስጥ አስገባች፣ "ሳቢ፣ ያዢ፣ ቀስ፣ እኔን እዪኝ፣ እኔን እዪኝ" አለች በአማርኛ፤ ዓረብኛው ጠፍቶባታል። አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ። የሪም ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። ሰርክአዲስ አነሳቻት፣ አቀፈቻት፣ በአቧራው ውስጥ ወደ መኪናው ሮጠች። ልጅ ተሸክማ ሮጠች! ደረቷ አልከዳትም። ያን ሁሉ መንገድ ያስኬዳት የሪም መድኃኒት መሆኑን በየእርምጃው እያወቀች ሮጠች።

ኑርዲን "ያ አላህ፣ ያ አላህ" እያለ ቀይ መብራት ጥሶ ሐኪም ቤት አደረሳቸው።

ሪም ኦክስጅን ተደርጎላት ነፍስ ስትዘራ ማዳም ሙና ደርሳለች፣ ዓይኗ በእንባ አብጧል። ያቺው ሱዳናዊት ሐኪም መጣች። "ብርቱካንማውን በየቀኑ ትወስዳለች?" ብላ ጠየቀች።

"በየቀኑ! ሳራ ናት የምትሰጣት። ቁጥሩን እዪው" አለች ማዳም ሙና፣ ከቦርሳዋ አውጥታ።

ሐኪሟ ፓፉን ገልብጣ አየች፤ ግንባሯ ተኮማተረ። "እንግዲያው ይሄ አልበቃትም ማለት ነው። ይሄን ወስዳ እንዲህ ከሆነች ከባዱን እንጀምራለን፤ የኮርቲዞን ኪኒን፣ ምናልባትም መርፌ። ደስ የሚል መድኃኒት አይደለም፣ ለልጅ ዕድገት ጥሩ አይደለም፤ ግን ምን እናደርጋለን? ስፖርቱን ሲሻላት ትቀጥላለች።"

ሪም ከጭንብሉ በላይ በሁለት ዓይኗ ሰርክአዲስን አየቻት። ዝም በይ የሚሉ ዓይኖች ናቸው። ሰርክአዲስ ዝም ብትል ሁሉም እንዳለ ይቀጥላል፤ ኮርኒሹም፣ ሰዓቷም፣ ብርቱካንማውም። ሪም ብቻ የማያስፈልጋትን መርዝ ትውጣለች። ደግሞስ ይቺን ልጅ ትወዳታለች። ብትናደድባትም ትወዳታለች።

"አልወሰደችም" አለች። "ብርቱካንማውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። እኔም አስም አለብኝ።"

ማዳም ሙና ፓፉን ከሐኪሟ እጅ ወሰደች።

"የልጄን መድኃኒት?" አለች። "የልጄን መድኃኒት ጠጥተሽ ነው?"

ሰርክአዲስ ወደ ሪም ዞረች። "እኔ ነኝ የሰጠኋት" የሚለው ቃል ከዚያች ልጅ አፍ ይወጣል ብላ ጠበቀች። ሪም ዓይኗን ጨፈነች። ጭንብሉ በትንፋሿ ጉም ይለብሳል፣ ይጠራል።

ማዳም ሙና ጮኸች፣ አለቀሰች፣ "ለምን አልነገርሽኝም? እኛ እኮ ሰዎች ነን፣ አላህን እንፈራለን!" አለች። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አላትና ወደ ሐኪሟ ዞረች። "ከሷ ይሆን እንዴ ወደ ልጄ የተጋባው?"

"አስም አይጋባም" አለች ሐኪሟ ኮስተር ብላ። ሰርክአዲስን አስቀመጠቻት፣ ጀርባዋ ላይ ማዳመጫውን አደረገች። "ተንፍሺ... ደግመሽ።" ካደገች ወዲህ፣ ሳትዋሽ፣ ደረቷን ለሐኪም ስታስደምጥ ያኔ የመጀመሪያዋ ነው። "ጥሩ ነው። በየቀኑ መሮጡና ብርቱካንማው ጠቅመዋታል። ለሷም እንደ ሪም ነው፤ የራሷ ብርቱካንማ ጠዋትና ማታ፣ በየቀኑ እንቅስቃሴ። ክሎሮክስ አታስነኳት።" ማዳም ሙና ራሷን ነቀነቀች። "ኢንሻአላህ" አለች።

ማታውን ማዳም ሙና ለኤጀንሲው ደወለች። ሰርክአዲስ ማድ ቤት ቆማ "ኹሩጅ" የሚለውን ቃል ሰማች፣ የመውጫ ቪዛ። ሻንጣዋን በሐሳቧ አዘጋጀች። ሆኖም ማዳም ሙና ስልኩን ዘግታ ተነፈሰች። ከኢትዮጵያ ጉዞው ታግዷል፣ ያሉትም በምሕረቱ እየወጡ ነው፤ ሌላ ሠራተኛ ከየት ይመጣል? "ኸላስ፣ ይቅር ብዬሻለሁ" አለቻት በማግስቱ። "ሚስኪና ነሽ።" ሰማያዊ ፓፍ ተገዛላት። ብርቱካንማው አልተገዛም፤ "እሱ በየቀኑ የሚወሰድ ነው፣ አንቺ ሲያፍንሽ ብቻ ይበቃሻል" ተባለች። ክሎሮክሱም ቆየ፤ በሌላ ሳሙና ጀርም ይወጣል እንዴ? ሩጫውን ግን ማዳም ሙና አጥብቃ ከለከለች። "በሽተኛ ነሽ፣ ሳራ። በሽተኛ አይሮጥም፣ ያርፋል። አንድ ነገር ብትሆኚ እኔ ነኝ የምጠየቀው።"

ሪም አስም ስላለባት መሮጥ አለባት። ሰርክአዲስ አስም ስላለባት መሮጥ የለባትም። ይሄንን ሒሳብ ሠርቶ የሚያስረዳት ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሪም ጎረቤት ከተማ ኹበር፣ አል ዑለያ ሰፈር፣ የሴቶች ጂም ገባች። ኑርዲን ሲወስዳት በማድ ቤቱ መስኮት በኩል ቀስ ብሎ፣ "ሰርኬ፣ አይዞሽ" ይላል። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ስኒከሩ ተወሰደ።

ሐምሌ ላይ የሪምን መታጠቢያ ቤት ስትጠርግ መስታወቱ ላይ ነጭ ነገር አየች፣ እንደ ስስ ዱቄት። ሳሙና መስሏት ጠረገችው። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ቀን በጣቷ ነክታ ምላሷ ላይ አደረገችው። መራራ ነው። ያንን ምሬት ታውቀዋለች፤ ስትሮጥ አፏ ውስጥ የነበረው ምሬት ነው።

ማታ ላይ ሪም መታጠቢያ ቤት ገባች። ማዳም ሙና ደረጃው ላይ ሆና፣ "ሪም፣ መድኃኒትሽን ወሰድሽ?" አለች። ከውስጥ ፓፉ ሲረጭ ተሰማ፣ አንዴ፣ ሁለቴ። "ወሰድኩ፣ ማማ!" ሪም ወጣች። ሰርክአዲስ ባልዲዋን ይዛ በሩ ላይ ነበረች፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

"ማዳም" አለች ሰርክአዲስ። "አልወሰደችም። መስታወቱ ላይ ነው የረጨችው። ነይ እዪው።"

ማዳም ሙና መጣች። መስታወቱን አየች፣ ልጇን አየች፣ ከዚያ ሰርክአዲስን ረጅም ጊዜ አየቻት።

"አንቺ ዓይንሽ አሁንም የልጄ መድኃኒት ላይ ነው?" አለች። "ሳሙና ነው። በደንብ አትወለውዪም ማለት ነው። ጥረጊው።"

ሪም በእናቷ ጀርባ አልፋ ክፍሏ ገባች። ስትራመድ ደረቷ በስሱ ያፏጫል፤ ሰርክአዲስ ብቻ ሰማችው።

ማዳም ሙና ስትወርድ ሰርክአዲስ ክሎሮክሱን ባልዲው ውስጥ ጨመረች። ከኪሷ ሰማያዊውን አውጥታ፣ ከእንቅስቃሴ በፊት እንደሚደረገው ሁለቴ ሳበች፣ ደረቷ እስኪከፈት ጠበቀች። ከዚያ ጨርቁን አነሳችና ከላይ ጀምራ መስታወቱን ወለወለች።